13 ሰዓት ብቻ አይደል እንዴ?

«ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላችሁ ስልካችሁን የምትጠይቁ ዘመዶቼ፣ እባካችሁ ተዉኝ። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይላችኋል። እሱስ ልክ ነው። ከዚያ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ብሎ ለ900 ያካፍልና 13 ሰዓት ይላችኋል። እኔን የሚያቃጥለኝ ይቺ ናት።

አጎቴ ይህችን ቁጥር ይዘው ዱለስ፣ የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ይቆማሉ። እኔ ገና አትላንቲክ ላይ ነኝ። የፓርኪንጉ ሂሳብ ይቆጥራል፣ የሳቸውም ንዴት አብሮ ይጨምራል። ስወጣ «እንኳን ደህና መጣህ» የለ፣ ምን የለ። «የት ነበርክ?» የት ልሁን!

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ክንፉም ሞተሩም አቅማቸው ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ተሸክሞ መነሣት ይከብዳል። (ሻንጣችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። የአክስቴ ጥቅል ብቻውን አንድ መንገደኛ ያህላል።) ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል። እንደየዘመኑ ሮምም፣ ደብሊንም፣ ሎሜም ሆኗል።

ታዲያ ወርዳችሁ እግራችሁን የምታፍታቱ እንዳይመስላችሁ። እዛው ቁጭ ነው። ነዳጅ እየተቀዳ ስለሆነ ቀበቶ ፍቱ ይባላል፤ ተፈታ፣ ግን የት ይኬዳል? እንቅልፍ ገና ሸለብ ሲያደርጋችሁ መብራቱ ቦግ ይላል። «ይሄ ቦርሳ የማነው?» ይላል ፈታሹ። የኔ ነው። «ይሄስ?» ጎረቤቴ ተኝቷል፣ እሱም ይቀሰቀሳል። የሚያጸዳው ሰው ደግሞ «እግር አንሱ» ይላል።

ነፋሱም አለ። እዚያ ላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። ስንሄድ ፊት ለፊት ይገጥመናል፣ ስንመለስ ከኋላ ይገፋናል። ዱለስ ደግሞ ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ ይነሣል። ለዚህ ነው ስንመለስ መሐል ላይ ሳናርፍ ቦሌ የምንገባው። ያቺ 13 ሰዓት የመመለሻዋ ናት!

የሰዓት ልዩነቱ ሌላ ጣጣ ነው። በነሱ ክረምት 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት። እናቴ ትኬቱ ላይ 22፡30 የሚል አይታ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሰዓት ነው?» ትላለች። ማታ አራት ተኩል ነው፣ እማዬ። ጠዋት ደረስኩ ብዬ ስደውል እሷ ጋ ከሰዓት ሆኗል። «ሌሊቱን ሙሉ በረህ፣ ቀኑንም ጨርሰህ?» ትለኛለች። ይህንን ማስረዳት ከበረራው በላይ ያደክማል።

ጋሼ፣ ያንን የሚያካፍል ድረ ገጽ ይተዉትና የበረራ ቁጥሩን አስገብተው ይከታተሉ። አረፈ ቢልዎትም ከቤት ለመውጣት አይቸኩሉ። የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ ገና ነው፣ ሻንጣ መጠበቁ ገና ነው፣ በርበሬውን ለጉምሩክ ማስረዳቱም ገና ነው።