ማስተካከያ፦ ጃክ ሉካስ ሲቆስል 14 ዓመቱ አልነበረም

ባለፈው ስለ አሜሪካዊው ማሪን (የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር) ጃክ ሉካስ ስጽፍ «በ14 ዓመቱ ኢዎ ጂማ ላይ ቆሰለ» ብዬ ነበር። ኢዎ ጂማ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካና ጃፓን የተዋጉባት የጃፓን ደሴት ናት። ተሳስቻለሁ። በ14 ዓመቱ ያደረገው ዕድሜውን ዋሽቶ ወታደር ሆኖ መቀጠር ነው። የቆሰለው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1945 ነው። 17 ዓመት ከሞላው ገና ስድስት ቀኑ። (ያም ቢሆን ልጅ ነው!)

ጠላት የወረወረው የእጅ ቦምብም አንድ ብዬ ነበር፤ ሁለት ነበር። ለዚህ የተሸለመው የክብር ሜዳልያ (የአሜሪካ ከፍተኛው የጦር ሽልማት) የምስክር ጽሑፍ እንደሚለው፣ ጓደኞቹን ለማዳን አንዱ ላይ ተወረወረ፣ ሌላውን ጎትቶ ከሥሩ አስገባው። ሰውነቱ በፍንጣሪ ተበሳስቶም ተረፈ።

«በአሜሪካ ታሪክ በዕድሜ ትንሹ የክብር ሜዳልያ ተሸላሚ» ያልኩትም ይሰረዝልኝ። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ከእሱ ያነሱ ከበሮ መቺ ልጆች ተሸልመዋል። ሉካስ ትንሹ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሸላሚዎች መካከል ነው። ጽሑፉን ያጋራችሁ ይህንንም አያይዙልኝ።