አፕዴቱን አጥፍቼልሃለሁ

«ሁሉንም ጨርሻለሁ ወንድሜ። አፕዴቱንም አጥፍቼልሃለሁ፣ ዳታ እንዳይበላብህ።»

ላፕቶፔን ፎርማት ያደረገልኝ ልጅ ይህን ሲለኝ ከልቡ ነበር። ውለታ መዋሉ ነው። እኔም አመስግኜ፣ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ከፍላሼ ላይ ጽሑፍ ፕሪንት አስደረግኩ። ቤት ገብቼ ስሰካው ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ብዙዎቻችን የምናውቀው የፍላሽ ቫይረስ ነው። እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትነኩት ቫይረሱ ይነሳል፤ ፎልደሩም አብሮ ይከፈታል። ስለዚህ ምንም የተፈጠረ አይመስላችሁም። ፋይሎቼ አልጠፉም ነበር፣ ተደብቀው ነው። ላፕቶፔ ግን ከዚያ በኋላ የተሰካበትን ፍላሽ ሁሉ ሲበክል ከረመ። የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ፍላሽም አልቀረለት።

ዊንዶውስ ዲፌንደር የሚባለው መከላከያ ላፕቶፔ ላይ ነበር። ግን አዳዲስ ቫይረሶችን የሚለየው በየጊዜው በሚደርሰው አፕዴት ነው። እኔ ጋ ያ በር ተዘግቶ ነበር። ዘበኛው ቆሟል፤ የሌቦቹን መልክ የነገረው ሰው ግን የለም።

በዚያ ልጅ አልፈርድም። እሱ ያሰበው ሁላችንም የምናስበውን ነው። አፕዴት ዳታ ይበላል፣ ስልክ ያንቀራፍፋል፣ ቦታ ይሞላል እንላለን። «በኋላ» የሚለውን ነክተን እናልፋለን። አንዳንዴም ወር፣ ሁለት ወር፣ ዓመት ያልፋል።

በዚህ መሀል የሚሆነውን ብዙ ሰው አያውቅም። አፕዴት ብዙ ጊዜ ሌባ ሊገባበት የሚችል የሶፍትዌር ቀዳዳ ይደፍናል። አንድ አፕዴት ሲወጣ ግን ቀዳዳው የት እንደነበር ለሌባውም ይታወቃል። አፕዴቱን ፈትቶ ያያል፤ ምን እንደተደፈነም ይረዳል። ከዚያ ያልደፈኑትን ይፈልጋል። መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት አንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገባ። በቀናት ውስጥ 150 አገሮች ደረሰ። ኮምፒውተሩን ይቆልፍና ለመክፈቻ 300 ዶላር በቢትኮይን፣ ማለትም በኢንተርኔት ዲጂታል ገንዘብ፣ ይጠይቃል። እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች ሥራቸው ተስተጓጉሎ ወደ 19,000 የሚጠጋ የሕክምና ቀጠሮ እንደተሰረዘ ተገምቷል። መድኃኒቱ ሁለት ወር ገደማ በነጻ ተቀምጦ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ወደ ስልክ ስንመጣ ነገሩ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ ያወጣው ምርመራ፣ ቴክኖ ደብሊው 2 በተባለው ርካሽ ስልክ ላይ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ቫይረሶች ገና ከመሸጡ በፊት ተጭነው እንደነበር አሳየ። ከተገኙባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ቫይረሶቹ ባለቤቱ ሳያውቅ ለማይፈልገው አገልግሎት ሊያስመዘግቡት ይሞክራሉ። ካርዱንም ዳታውንም ይበላሉ። አምራቹ ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ሌላ አካል ነው ብሏል፤ ማስተካከያም አውጥቷል። ማስተካከያው ለስልኩ የሚደርሰው ግን በአፕዴት ነው።

እስቲ አስቡት። ስልኩን የገዛችው እናት አቅሟ ያ ነው። ካርድ በሞላች ቁጥር ያልቅባታል። ለምን እንደሚያልቅ አታውቅም። ዳታ እንዳይበላባት ብላ አፕዴቱን ታልፈዋለች፤ ዳታዋን የሚበላው ግን ቫይረሱ ራሱ ነው። ዛሬ ደግሞ ስልካችን ውስጥ ቴሌብር አለ፣ የባንክ አፕ አለ። ማረጋገጫ ቁጥሩም የሚመጣው በዚያው ስልክ በኤስኤምኤስ ነው። ኤስኤምኤስ የማንበብ ፈቃድ ያገኘ ቫይረስ ቁጥሩን ከእኛ ቀድሞ ያየዋል። በቴሌግራም የተላከላችሁን ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ) ፋይል አትጫኑ የምለው ለዚህ ነው፤ የላከው የምታውቁት ሰው ቢሆንም። «ስልክዎ አፕዴት ይፈልጋል» የሚል ድረ ገጽ ቢመጣባችሁም እለፉት። እውነተኛው አፕዴት ያለው ራሱ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ነው፤ የአፖቹ ደግሞ ፕሌይ ስቶር ላይ።

ባለፈው ወደዚያ ልጅ ሱቅ ተመልሼ የደረሰብኝን ነገርኩት። አልተከራከረኝም። «እሺ፣ ከአሁን በኋላ አላጠፋውም» አለ። ከዚያ ጠየቀኝ፦ «ግን ለደንበኞቼ ዳታውን ማን ይክፈልላቸው?»

ጥያቄው ትክክል ነው። የአንድ ዊንዶውስ የወር አፕዴት ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ አንዳንዴም ከጊጋ ያልፋል። ዋይፋይ ለሌለው ሰው ይህ ከምሳ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። ሰውን «አፕዴት አድርግ» እያሉ መምከር ብቻ አያስኬድም።

ስለዚህ ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም የሴኪዩሪቲ አፕዴትን ከዳታ ክፍያ ነጻ ያድርጉት። አፕዴቶቹ የሚመጡት ከታወቁ ሰርቨሮች ነው፤ ከጉግል፣ ከማይክሮሶፍት፣ ከስልክ አምራቾች። ያንን ለይቶ አለመቁጠር ለቴሌኮም ኩባንያ የማይቻል ሥራ አይደለም። ቀን ላይ ኔትወርኩ ይጨናነቃል ከተባለ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ይሁን። ሰው ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይተኛል፤ አፕዴቱ እስኪነጋ ይወርዳል። በተበከለ ስልክ ገንዘቡን ያጣ ደንበኛ ቅሬታውን ይዞ የሚሄደው እነሱው ጋ ስለሆነ፣ ወጪው ለእነሱም ኪሳራ አይመስለኝም።

እስከዚያው ቢሮ ወይም ካምፓስ ዋይፋይ ያላችሁ፣ ነገ ስልካችሁን እዚያ አፕዴት አድርጉ። የእናታችሁንም ስልክ ይዛችሁ ሂዱ።