ሰው ለሙዚቃ መክፈል አልተወም

«ናፕስተር መጣ፣ ሰው ነጻ ነገር ለመደ፣ ከዚያ ወዲህ ለሙዚቃ የሚከፍል ጠፋ» ላልከው፣ ወዳጄ፣ ትንሽ እርማት አለችኝ። ሰው ዘፈን በኢንተርኔት በነጻ የሚለዋወጥበት ናፕስተር እ.ኤ.አ. በ1999 ከጀመረ በኋላ የሲዲ ገበያው ክፉኛ መጎዳቱ እውነት ነው። «የሚከፍል ጠፋ» የሚለው ግን አያስኬድም።

አፕል በ2003 አይቲዩንስ ስቶር የተባለውን የኢንተርኔት ዘፈን መሸጫ ከፍቶ አንዱን ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ሲያቀርብ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አንድ ሚሊዮን ዘፈን ሸጧል። ያውም በነጻ ማውረድ እየተቻለ! ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። ድሮ አንዲት ዘፈን ስንወድ ሙሉ ሲዲ እንገዛ ነበር። የቀሩትን ዘፈኖች ወደድንም ጠላንም ከፍለንባቸዋል። ዘፈን በነጠላ መሸጥ ሲጀምር ያ ትርፍ ተነነ። ከፋዩ አለ፤ የሚከፍለው ግን አነሰ።

ዛሬማ የገበያው ዋና ገቢ ሙዚቃን በኢንተርኔት ለማዳመጥ የሚከፈል ወርሃዊ ክፍያ ሆኗል። አይኤፍፒአይ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር እንደሚለው፣ በ2024 ከ750 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በሚከፈልበት አገልግሎት ያዳምጡ ነበር። ከዚህ ውስጥ ለድምፃዊው ስንት ይደርሰዋል? እሱ ሌላ ጭቅጭቅ ነው፤ ጥያቄውም የሚቀርበው ገንዘቡን ለሚያከፋፍሉት ድርጅቶች ነው።