አዳፕተርህን አውሰኝ

ትናንት ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ሐሙስ ዱባይ ልሄድ ነው፤ አዳፕተርህን አውሰኝ።» ትኬት ቆርጧል፣ ሆቴል ይዟል፣ ለጫማው ብቻ ሦስት ቀን ሱቅ ለሱቅ ዞሯል። ኪስ የምትገባ የሶኬት እግር መቀየሪያ፣ አዳፕተር፣ ግን ከእኔ።

ይቺ አራተኛዬ ናት። ሦስቱ እንዲህ ወጥተው ቀሩ። ተዋሾቹ ተመልሰዋል።

የእኛ ሶኬት ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። የዱባዩ የእንግሊዞቹ ዓይነት ነው፤ ባለ አራት ማዕዘን ሦስት ቀዳዳ። የታችኞቹ ሁለቱ በር አላቸው፤ ከላይ ረጅሙ እግር ካልገባ አይከፈቱም። ሐበሻ መላ አያጣም፤ ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ እስክሪብቶ ይከትና የራሱን ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ይገፋበታል። እኔም አድርጌዋለሁ። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጓደኛዬ ስነግረው አማተበ።

መንገድ ሲነሣ የምወዳት ግጥም አለች፦ «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።» በተለይ አህያዋ ጋ። ገጣሚው የሻንጣ ኪሎ ሳይመጣ እንዴት አወቀው? እኔን የጫኑኝ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ለዚሁ ልጅ እህት የፀጉር ማድረቂያ። ኪሎ ሞላና የራሴን ካፖርት እዚያው ትቼ እሱን ተሸክሜ መጣሁ። አዲስ አበባ በአዳፕተር ተሰካ። እንደ አውሮፕላን ጮኸ፣ ጨሰ፣ አለቀ።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ለ120 የተሠራ ማሞቂያ እኛ ጋ ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይወርድበታል። አዳፕተር እግር እንጂ ቮልት አይቀይርም! ቮልት የሚቀይረው ትራንስፎርመር ነው፤ ማድረቂያ የሚችለው ደግሞ ከማድረቂያው ይከብዳል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው «ከ100 እስከ 240» ስለሚል ግድ የለም። ግን የት ነው የሚሉት? ከታች፣ ጥቁር ላስቲክ ላይ፣ በግራጫ፣ ጉንዳን በማታነበው ፊደል። የዕቃውን ስምማ ከመንገድ ማዶ እንዲታይ አድርገው ይጽፉታል። ቤት የሚያቃጥለውን ቁጥር ሲሆን ቀለም ያልቅባቸዋል። ይሄ ስሕተት አይደለም፤ ንቀት ነው።

ይህን ለአክስቴ አስረዳልኝ። «ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቀኸው ነው የተበላሸው» ትላለች እስከ ዛሬ። በዓል በመጣ ቁጥር፣ ዶሮው ሲወጣ ታነሣዋለች። ድሮ ፈረሰኛ ነበር የሚደርሰኝ። ከማድረቂያው ወዲህ ክንፍ ነው። ፈረስነቱም ቀረ፤ አህያ ብቻ።

አዳፕተሯስ? ሰጠሁት እንጂ፤ የእሷው ልጅ አይደል። እምቢ ብል ክንፏም ትቀርብኛለች። ዛሬ ጠዋት መጥቶ ወሰዳት። ደረጃው ላይ ደርሶ ተመለሰና «እስክሪብቶ ይዘሃል?» አለኝ።

ለምን እንደፈለገው አልጠየቅኩትም።