እርማት፦ በአሜሪካ ልጃገረዶች ሳይንስ መማር የጀመሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አይደለም

«በአሜሪካ ልጃገረዶች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከጥልፍና ከሙዚቃ በቀር ሳይንስ አይማሩም ነበር» የሚለው አስተያየት በብዙዎች ሲደገም ስላየሁ፣ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። ኤማ ዊላርድ እ.ኤ.አ. በ1821 በኒው ዮርክ ግዛት ትሮይ ከተማ ባቋቋሙት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሳይንስ ይሰጥ ነበር፤ በ1837 ማውንት ሆልዮክ የተባለውን የሴቶች ትምህርት ቤት የከፈቱት ሜሪ ላየንም ራሳቸው የኬሚስትሪ መምህርት ነበሩ። እንዲያውም ኮሌጆች ለመግቢያ ላቲንና ግሪክ ይጠይቁ ስለነበር ወንዶቹ በእነዚህ ቋንቋዎች ሲጠመዱ፣ የኮሌጅ በር የተዘጋባቸው ልጃገረዶች ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለሥነ ፈለክ ሰፋ ያለ ጊዜ ያገኙ ነበር። (ዕድሉ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ መክፈል ለሚችሉ ነጭ ቤተሰቦች ልጆች መሆኑ ግን አይካድም።)

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ትምህርት ቤቶቹ በየዓመቱ ያሳትሟቸው የነበሩትንና ዛሬ በቤተ መዛግብት የሚገኙትን የትምህርት ዝርዝሮች መመልከት ይችላል፤ የትምህርቶቹ ስም በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። ስህተቱን ቀላል የማያደርገው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የሚማሩ ልጃገረዶች ድርሻ እያሽቆለቆለ መሄዱን መሸፈኑ ነው፤ ታሪኩ ከባዶ ተነሥቶ ወደ ላይ ብቻ እንደ ወጣ ከተነገረ፣ የኋላው ማሽቆልቆል ለምን እንደ መጣ የሚጠይቅ አይኖርም።