ጭሱ ሲመጣ ቤታችንን አላጣውም፤ ዘይቱ ሲታደል ነው የጠፋነው

ዛሬ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የምኖረው መሀል አዲስ አበባ፣ ከለገሀር በእግር ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ከግቢያችን አጥር ማዶ ፋብሪካ አለ። ስሙን አልጠራም። ተወልጄ ያደግሁት በእሱ ድምፅ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከባድ መኪና ሲጭን መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ነጠላ አጥበን ውጭ አናሰጣም፣ ጥቀርሻ ያርፍበታል። እናቴ አስም አለባት። ክረምት ሲገባ ጭሱ ዝቅ ብሎ ግቢያችን ውስጥ ይተኛል፤ በሩ ስር ጨርቅ ወሽቀን፣ እሷን ትራስ ደራርበን አስደግፈን እናነጋለን።

ፋብሪካው «ለአካባቢው ነዋሪ» ብሎ በየዓመቱ ለወረዳው ገንዘብ ይሰጣል። ይህን የነገረን ወረዳው አይደለም፣ እዚያ ተቀጥሮ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ ነው። ስንት እንደሆነ እሱም አያውቅም። አምና በዚህ ገንዘብ የወረዳው ግቢ አጥር ታደሰ ተባለ። ዘንድሮ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዘይትና ዱቄት ሆኖ መጣ፤ ባነር ተሰቀለ፣ ካሜራ ቆመ፣ ንግግር ተደረገ። ከፋብሪካው አጥር ጋር ተጣብቀን ከምንኖረው አሥራ አንድ አባወራዎች ዝርዝሩ ላይ የተገኘነው ሦስት ነን። ከዋናው አስፋልት ማዶ ያሉት ግን ብዙዎቹ አግኝተዋል። ለምን አገኙ አልልም፣ ችግር የሁላችንንም ቤት ያንኳኳል። ግን ዝርዝሩን ማን አወጣው? በምን መስፈርት?

የግቢያችን እማማ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በምርኩዝ ሄደው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ተሰልፈው «እማማ፣ ስምዎ የለም» ተባሉ። ባዶ ፌስታላቸውን አጣጥፈው ነጠላቸው ስር ይዘው ሲገቡ አገኘኋቸው። «ተዪው ልጄ፣ እግዜር ይስጠን» አሉኝ። እኔ ግን መተው አልቻልኩም። ከደረሰን ዘይት ለእሳቸው ቀድተን ሰጠናቸው፣ በነጋታው ወረዳ ሄድኩ።

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» በማግስቱ «ክፍለ ከተማ ሄደዋል፣ ነገ ተመለሺ።» በሦስተኛው ቀን አገኘኋቸው፤ ቀና ብለውም ሳያዩኝ «በስጦታ የመጣ ነገር ላይ ምን ጥያቄ አለ?» አሉኝ። (ቅሬታዬን የመዘገበችውን ልጅ አልወቅሳትም፣ ወንበር ስባ አስቀምጣኛለች፣ የምትችለው ያንኑ ነው።)

ስጦታ! እንቅልፋችንን፣ የእናቴን ትንፋሽ የወሰደ ድርጅት የሚከፍለው እንዴት ስጦታ ይባላል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። በ2002 የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ ማዕድን አውጪ ኩባንያ በፈቃዱ ክልል ውስጥ ለሚኖረው ሕዝብ ልማት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። አዋጁ ለማዕድን ነው፣ የእኛ ሰፈር ወርቅ አይቆፈርበትም፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ ጉዳቱ የሚያርፍበት ሰው ከጥቅሙ ድርሻ አለው። ገንዘቡ የመጣው በእኛ ስም ነው። ታዲያ ባለቤቱ ሳይጠየቅ እንዴት ይታደላል?

ቢጠይቁን መልሱ ቀላል ነበር። የጋራ ሽንት ቤታችን ጉድጓዱ ሞልቶ፣ ለመምጠጫ ቦቴ እያዋጣን ሰልችቶናል። ልጆች ሌሊት በኩራዝ ይመስል በስልክ መብራት እየተመሩ፣ የፈሰሰውን እየዘለሉ ነው የሚገቡት። አምስት ሊትር ዘይት አንድ ወር ቢያደርስ ነው። ሽንት ቤቱ ቢሠራ ለዓመታት እንገላገል ነበር።

እድራችንን እዩ። ወንበር ሲሰበር ይመዘገባል። ድንኳን ሲገዛ ዋጋው ከተለያየ ቦታ ተጠይቆ አባላት ፊት ይቀርባል። በዓመቱ መጨረሻ ገንዘብ ያዡ ተነስተው ገቢና ወጪውን እስከ ሳንቲሙ ያነባሉ፣ ያልገባው እጁን አውጥቶ ይጠይቃል፣ ማንም አይቆጣውም። ጸሐፊያችን ትምህርት ያቆሙት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ኮምፒውተር፣ ፋይናንስ ክፍልና ማኅተም ያለው ወረዳ አንዲት ገጽ ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፍ እንዴት ያቅተዋል? ስንት ገባ፣ በምን ወጣ፣ ለማን ደረሰ። ሌላ አልጠየቅንም።

በጽሑፍ ጠይቀናል። የሠላሳ ሁለት አባወራ ፊርማ ያለበት ማመልከቻ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ መስጫውን 30 ቀን ያደርገዋል። ዛሬ አርባ አንደኛው ቀን ነው። እማማ ፊርማ ስለማይችሉ በጣት አሻራቸው ነው የፈረሙት፤ በየማታው «መልስ መጣ?» ይሉኛል። ሰኞ ጠዋት የማመልከቻውን ቁጥር ይዘን በር ላይ እንገኛለን፤ አሥራ አንዱም ቤት።