የ983 ፔሶ ለቅሶ

ሰሞኑን ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ባለችው የአሜሪካ ከተማ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ሁለት ሐበሻ ቡና ይዞ ከተቀመጠ ወሬው ያው አንድ ነው። ሜክሲኮ የቱሪስት ፈቃዷን ዋጋ ጨመረች። በፈረንጆቹ 2025 ላይ 861 ፔሶ የነበረው በ2026 983 ፔሶ ሆነ። ሲመነዘር ወደ 55 ዶላር ይጠጋል።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የማከብራቸው ጋሼ ይህንኑ አነሱ። «ይሄ ዘረፋ ነው» አሉ። «ዶላራችንን ተሸክመን ሄደን፣ እነሱ በር ላይ ቆመው ኪሳችንን ይዳብሳሉ?» ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ዝም አልኩ። ለታላቅ መልስ አይሰጥም ብዬ አይደለም። አፌ ውስጥ ድፎ ዳቦ ነበር። መልሴ ይኸው።

መጀመሪያ ነገር፣ ጋሼ መቼ ነው የከፈሉት? እኔ እንደማውቀው ከድንበሩ ወዲያ ያለችው የሜክሲኮ ከተማ ቲዋና የሚሄዱት ለጥርሳቸው ነው። ጠዋት ወይ ትሮሊ የሚባለውን የከተማ ባቡር ይዘው ወይ እኔ አድርሻቸው ድንበሩ በር ሳን ኢሲድሮ ይደርሳሉ። በእግራቸው ይሻገራሉ። ሐኪሙ ወንበር ላይ አፋቸውን ከፍተው ይውላሉ። ማታ ቤታቸው ናቸው። በየብስ ገብቶ ከ7 ቀን በላይ ለማይቆይ ጎብኚ ደግሞ ፈቃዱ ያለ ክፍያ ሲሰጥ ነው የኖረው። መኪና ይዞ የሚገባውማ አረንጓዴ መብራት ከበራለት ስሙን የሚጠይቀው ሰው እንኳ የለም። የሜክሲኮዋ የወደብ ከተማ ኤንሴናዳ ድረስ ነድቶ፣ ዓሣውን በልቶ፣ ይመለሳል። በየብስ ከሚገባው 983ቱ የሚነካው ከሳምንት በላይ ልቆይ ያለውን ሰው ነው።

ስለዚህ ጋሼ የሚያለቅሱት ባልከፈሉት ገንዘብ ነው። ለቅሶ ቤት ከሟች ልጆች በላይ ደረቱን የሚደቃ ጎረቤት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። እንደዛ ነው።

«ዶላር እናመጣላቸዋለን» የሚለው ነገር ደግሞ ይገርመኛል። ለማን ነው ያመጣነው? ቲዋና የምንሄደው ለሜክሲኮ ኢኮኖሚ አንጀታችን ተንሰፍስፎ ነው እንዴ? እዚህ የጥርስ ዋጋ የማይቀመስ ስለሆነ ነው። በዶላራችን ጥርስ አስተክለንበታል፣ መነጽር ገዝተንበታል፣ ሆዳችን እስኪወጠር በልተንበታል። ዕቃ ገዝቶ ሒሳብ የከፈለ ሰው ባለሱቁን «አመስግነኝ» አይለውም።

እሺ፣ ይከፈል እንበል። ባልና ሚስት ሁለት ሳምንት ሊያርፉ ሄዱ። ሁለቱም ከፈሉ። 1,966 ፔሶ፣ ወደ 110 ዶላር። ይቆጠቁጣል። በዚህ ክፍያ የደኸየ የሳን ዲዬጎ ነዋሪ ካለ ግን አምጡልኝና ልየው።

አሁን እዚያው በር ላይ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ።

ያው ሳን ኢሲድሮ ነው። ከወዲያ ወደዚህ የሚገባ ሜክሲኳዊም ወረቀት ያስፈልገዋል። አይ 94 ይባላል። ጎብኚ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ የሚመዘግብ ነው። እንግዲህ የአሜሪካ የቱሪስት ፈቃድ እንደማለት ነው። በየብስ ለሚገባ ሰው ዋጋው 6 ዶላር ነበር። ከመስከረም 30፣ 2025 ጀምሮ 30 ዶላር ገባ። አምስት እጥፍ! በፈረንጆች መስከረም ነው የምላችሁ። ያን ሰሞን ቡና አልጠጣንም? ጠጥተናል። «ዘረፋ» ያለ ጋሼ ነበር? አልሰማሁም። የሜክሲኮ ጭማሪ መቶኛው ሲሰላ 14 ነው። የአሜሪካው 400 ነው። ለ14ቱ እሪ ብለን ለ400ው ጭጭ አልን።

አንዱ ተነስቶ «30 ዶላር ከ55 ያንሳል» ይለኝ ይሆናል። ያንሳል። ግን ሜክሲኳዊው 30 ዶላር ብቻ ይዞ ማን ያስገባዋል? መጀመሪያ የቪዛ ማመልከቻ አለ፣ 185 ዶላር። የድንበር መሻገሪያ ካርድም ለአዋቂ ያው 185 ነው። ቀጠሮ አለ። ቃለ መጠይቅ አለ። በሐምሌ 2025 የተፈረመው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ በዚህ ላይ 250 ዶላር የሚጨምር አንቀጽ አስገብቷል። እርግጥ ካርዱ ያለው ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ ከድንበሩ እስከ 25 ማይል ያለ አይ 94 መንቀሳቀስ ይችላል። ይሄን ራሴ እላለሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ። ሳን ዲዬጎ ገበያ ወጥቶ ለመመለስ ይበቃዋል። ሎስ አንጀለስ ያለ የልጅ ልጇን ማየት የፈለገች የቲዋና አያት ግን 25 ማይሉ የትም አያደርሳትም። ወረቀቱን ታወጣለች፣ 30ውን ትቆጥራለች።

ይሄ ሁሉ የሜክሲኮ ጉዳይ ነው፣ ምን አገባን የምትሉ ካላችሁ ወደ ቤት እንምጣ።

አዲስ አበባ ያለች እናት ልጇ አሜሪካ ልትወልድ ነው። ልታርሳት ትፈልጋለች። 185 ዶላር ትከፍላለች። ብር በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለበት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይህ በብር ስንት እንደሚሆን እናንተው አስሉት። እኔን ሳሰላው ያመኛል። ከዚያ ቀጠሮ ትጠብቃለች። የቤቱን ካርታ፣ የባንክ ደብተሩን፣ የጋብቻ ፎቶውን ሁሉ በፌስታል ይዛ ትሄዳለች። ፌስታሉን የሚከፍትላት የለም። መስኮቱ ጋ ሦስት አራት ጥያቄ ትጠየቃለች። አንድ ወረቀት ይሰጣታል። አልተፈቀደም። ገንዘቡስ? አይመለስም። እንደገና ልሞክር ካለች ሌላ 185 ዶላር።

ምን ገዛች? ምንም። ሜክሲኮ የምትሸጠው መግቢያ ነው፣ ከፍለህ ትገባለህ። አሜሪካ የምትሸጠው ጥያቄ ነው። መልሱ «አይሆንም» ቢሆንም ሒሳቡ ያው ነው። ቢፈቀድላትም እንኳ ከሐምሌ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች የሚሰጠው ቪዛ የ3 ወር ሆኗል፣ ያውም ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ። የመጀመሪያውን ልጅ ያረሰች እናት ለሁለተኛው ከዜሮ ትጀምራለች። ሌላ 185፣ ሌላ ፌስታል፣ ሌላ መስኮት።

ያንን 185 ዶላር ማን ነው የላከው? እኛ ነን። ከዳላስም፣ ከሲያትልም፣ ከሳን ዲዬጎም ልከናል። «ለእናት አይቆጠርም» ብለን ላክን። ተከለከለች ሲባል «እግዜር ያልፈቀደው ነው» አልን። ደግመን ላክን። አንድም ቀን ኪሳችን ተዳበሰ አላልንም። ለአሜሪካ ስንከፍል የእግዜር ፈቃድ፣ ለሜክሲኮ ስንከፍል ዘረፋ! ይሄን ሚዛን ከየት እንዳመጣነው የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።

በዚያው ቡና ላይ አንድ ወጣት «ሜክሲኮዎች የሚሰበስቡት ገንዘብ ወዴት እንደሚገባ አይታወቅም» ብሎ ነበር። የ185ቱስ ወዴት እንደሚገባ ጠይቀህ ታውቃለህ፣ ወንድሜ?

ደግሞ ይሄ ሁሉ ስድብ የሚወርደው በማን ላይ እንደሆነ እናስብ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግሪን ካርዱን ካሳየ ሜክሲኮ ቪዛ አትጠይቀውም። የጸና የአሜሪካ ቪዛ ያለውንም እንደዚሁ። ይህን ፓስፖርት ይዞ የዞረ ሰው ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስንት አየር ማረፊያ ላይ «እስቲ ወደ ጎን ቆይ» ተብለናል? ቲዋና ላይ «ግባ» ነው የሚባለው።

ሌላም አለ። ሳልናገረው ባልፍ ደስ ባለኝ። ከእኛ ወገን ብራዚል ገብቶ፣ በኮሎምቢያና በፓናማ መሃል ያለውን የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ የሜክሲኮ ደቡብ ድንበር ላይ ባለችው ታፓቹላ ወራት ተቀምጦ፣ በመጨረሻ በዚሁ በቲዋና በር የመጣ ብዙ ሰው አለ። ያኔ የቱሪስት ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረውም። በየመንገዱ ደላላ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ወስዶበታል። ደላላ ደረሰኝ አይሰጥም። ዛሬ ወረቀቱ ተስተካክሎ፣ መኪና ነድቶ ለመዝናናት ሲሄድ፣ ደረሰኝ ባለው 983 ፔሶ ይናደዳል። እኔ ብሆን ያንን ደረሰኝ መስታወት አስገብቼ ሳሎን እሰቅለው ነበር።

በአንድ ነገር ግን ሜክሲኮንም አልምራትም። በ2024 መጨረሻ በመርከብ ለሽርሽር ከሚመጣ ተሳፋሪ 42 ዶላር ይወሰድ ብለው ወስነው ነበር። የመርከብ ኩባንያዎቹ ጮኹ። ከሐምሌ 2025 ሲጀመር 42ቱ 5 ዶላር ሆኖ ቁጭ አለ። አምስት! ኤንሴናዳ ወደብ ላይ ፎቁ የማያልቅ መርከብ ይቆማል። ከዚያ የሚወርደው ሰው በ2025 በ5 ዶላር ተስተናገደ። እዚያው ከተማ በአውቶቡስ ደርሶ ርካሽ ክፍል ተከራይቶ አሥር ቀን ልቆይ ያለው 983 ፔሶ ክፈል ይባላል። ጠበቃና ጉልበት ያለው ሲጮህ ይቀነሳል፣ ሻንጣውን በጀርባው የተሸከመው ይጨመርበታል። ጋሼ በዚህ ቢናደዱ ዳቦዬን ውጬ አብሬያቸው እጮህ ነበር። በዚህ ግን አልተናደዱም። ስለ መርከቡ የሰማ ሰው እዚያ የነበረ አይመስለኝም።

ይሄ ነገር የሜክሲኮ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። የኬንያው ፕሬዚዳንት ሩቶ በታኅሣሥ 2023 «ከእንግዲህ ወደ ኬንያ ለመምጣት ቪዛ አያስፈልግም» ብለው አወጁ። ሁላችን አጨበጨብን። ጥር ላይ በኢንተርኔት የሚሞላ ፈቃድ መጣ፣ 30 ዶላር። ቪዛው ሞቷል ተባለና ለተዝካሩ መዋጮ ተጠየቀ። ኋላ ላይ ከአገራችን ጋር የቆየ የቪዛ ስምምነት ስላለ ክፍያው ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቀረ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያወጣው ወንድማችን ከአዲስ አበባ በሞያሌ ናይሮቢ ልውረድ ካለ 30ውን ይከፍላል። ያንን «የማይረባ» ያለውን ፓስፖርት የያዘው የአጎቱ ልጅ በነፃ ያልፋል። ይሄን ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ።

ጋሼ ይሄን ያነቡ እንደሆነ አላውቅም። ካነበቡ ይደውሉልኛል፣ ያውም ተቆጥተው። የሆነ ሆኖ ሐሙስ ሁለተኛው ጥርሳቸው ይገባል፣ የማደርሳቸውም እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ደውለው፣ በአሜሪካ በኩል ድንበሩ አጠገብ መኪና አቁሞ ለመዋል ስንት እንደሚያስከፍሉ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«እሺ፣ እኔ እከፍላለሁ» አሉ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም።